ጥላውና የጥላው ባለቤት፦ በሞት የተለዩ የግሪክ የፊልም ተዋንያንን ስለ ማሰብ



የግሪክ ኦርቶዶክስ ምእመናን ሰው በሞተባቸው በአርባኛው ቀን የተቀቀለ ስንዴ በሳሕን ላይ አስውበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳሉ፤ ካህኑም የሟቹን ስም ጠርቶ መታሰቢያው ለዘለዓለም ይሆን ዘንድ ይጸልያል፤ ከጸሎቱም በኋላ ስንዴው ለተሰበሰበው ሕዝብ ይታደላል። ተዝካር ሲወጣ እያየን፣ በለቅሶ ቤት ንፍሮ እየቀመስን ላደግን ለእኛ ይህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም። ነገር ግን የተራውን ሰው ስም ቤተ ዘመዶቹ ሲጠሩለት፣ ዕድሜውን ሙሉ በብዙ ሺሕ ሕዝብ ፊት ሲያለቅስና ሲስቅ የኖረውን ተዋናይ ስም የሚጠራለት ማን ነው? ቢጠራለትስ የሚታሰበው እርሱ ራሱ ነውን ወይስ ለጥቂት ሰዓት ለብሶት የነበረው የሌላ ሰው መልክ? ዛሬ በዚህ አዳራሽ ስለ አንዳንድ የግሪክ የፊልም ተዋንያን ሕይወትና ሥራ ልናገር የተነሣሁት ይህ ጥያቄ ከልቤ አልወጣ ስላለኝ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

የመድረክ ተዋናይ ጥበብ ከእስትንፋሱ ጋር የተቈራኘ ነውና መጋረጃው በተዘጋ ጊዜ አብሮ ያልፋል፤ ያየውም ሰው በኅሊናው ይዞት ወደ መቃብሩ ይወርዳል። የፊልም ተዋናይ ግን መልኩና ድምፁ ከሞቱ በኋላ ይቀራሉ፤ ከአባቱ ሞት በኋላ የተወለደ ልጅ አባቱ በወጣትነቱ ይስቅበት የነበረውን ሰው ራሱ ቁጭ ብሎ ይስቅበታል። ከዚህ የተነሣ የፊልም ተዋናይ መታሰቢያ የማያስፈልገው፣ ራሱን በራሱ የሚያስታውስ ሰው ይመስለናል። እኔ ግን በግሪኮቹ ታሪክ ላይ ባደረግሁት ምልከታ ነገሩ እንዲህ እንዳልሆነ ተረድቻለሁ። ከ1940ዎቹ እስከ 1970ዎቹ በግሪክ ፊልም ውስጥ ስማቸው የገነነ ሰዎች ከጥቂቶቹ በቀር ሁሉም የቴአትር ልጆች ነበሩ፤ ጥሪያቸው መድረኩ ነበር፤ ፊልሙ በአብዛኛው የእንጀራ ጉዳይ ነበርና ቀን በካሜራ ፊት ውለው ማታ ወደ ቴአትር ቤታቸው ይሮጡ ነበር። ዘመን ግን ፍርዱን ገለበጠው፤ ሕይወታቸውን የሰጡለት መድረክ ሲጠፋ፣ በትርፍ ጊዜ የሠሩት ፊልም ቀረ። እንግዲህ በመጋረጃው ላይ የቀረልን ጥላ እውነተኛ ቢሆንም ጎዶሎ ነው፤ ከጥላው ጀርባ የነበረውን ሰው፣ ያሳለፈውን ረኀብና ግዞት፣ ሕመምና ስደት ካላወቅን የምናስበው ጥላውን እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

የግሪክ ፊልም የተስፋፋበትን ዘመን ያስጀመረው ፊሎፒሚን ፊኖስ የተባለ የድምፅና የመሣሪያ ጥበብ ዐዋቂ ነበር። ኩባንያውን ያቆመው አገሩ በጀርመን፣ በኢጣልያና በቡልጋሪያ ጦር ተይዛ፣ የአቴና ሕዝብ በረኀብ በየመንገዱ እየወደቀ በነበረበት ክፉ ዘመን ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም «የልብ ድምፅ» በ1943 ታየ። በሚቀጥለው ዓመት ጀርመኖች ፊኖስንና አባቱን አሰሩ፤ አባቱም ተገደለ። ልጁ ከእስር ወጥቶ ሥራውን ቀጠለ፤ በ1977 እስኪሞት ድረስም ኩባንያው ከ180 በላይ ፊልሞች አወጣ፤ እርሱ ሲሞት ሥራውም አብሮት ቆመ። በ1960ዎቹ አጋማሽ ግሪክ በዓመት ከመቶ በላይ ፊልሞች የምትሠራ አገር ሆና ነበር። በበጋ ሌሊት ጣራ በሌላቸው፣ አበባ በከበባቸው ሲኒማ ቤቶች ሕዝቡ ከነልጆቹ ተቀምጦ ያይ ነበር። ቴሌቪዥን በየቤቱ ሲገባ ያ ሁሉ ጉባኤ ተበተነ፤ ነገር ግን ሲኒማውን የገደለው ያው ቴሌቪዥን የቆዩትን ፊልሞች ደጋግሞ እያሳየ ተዋንያኑን ላላያቸው ትውልድ አስተዋወቀ።

ስለ ብዙዎች በጥቂቱ ከመናገር በአንድ ፊልም ውስጥ ስለ ተገናኙ ሰዎች ዘርዘር አድርጎ መናገር ይሻላል ብዬ ስላመንሁ፣ በ1955 ዮርጎስ ጻቬላስ የተባለው ደራሲና አዘጋጅ ወደ ሠራው «የሐሰት ሊሬ» ወደሚባለው ፊልም ልውሰዳችሁ። ታሪኩ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚተላለፍ አንድ ሐሰተኛ የወርቅ ገንዘብ ነው፤ ገንዘቡ በአራት ታሪኮች ውስጥ ያልፋል፤ በመጀመሪያው ሐቀኛ የነበረ ቅርጽ አውጪ በክፉ ምክር ተታሎ ይሠራዋል፤ በሁለተኛው ዕውር መስሎ በሚለምን ሰው እጅ ይገባል፤ በሦስተኛው ልበ ደረቅ የሆነ ንፉግ የቤት አከራይ ያገኘዋል፤ በአራተኛው ድኻ ሠዓሊና ሚስቱ ዘንድ ይደርሳል። ሐሰተኛው ወርቅ የነካቸውን ሰዎች እውነተኛ ጠባይ እየገለጠ መሄዱ የደራሲው ብልሃት ነው። እኔን የሚያስገርመኝ ግን ጻቬላስ ሳያስበው የዘመኑን ታላላቅ ተዋንያን በአንድ መዝገብ ጽፎ ለእኛ ማስቀመጡ ነው።

ቅርጽ አውጪውን ሆኖ የሚጫወተው ቫሲሊስ ሎጎቴቲዲስ ነው። የተወለደው በምሥራቅ ትራቄ፣ ያደገውም በቍስጥንጥንያ ሲሆን፣ ወደ አቴና መጥቶ ከታላቋ ተዋናይት ከማሪካ ኮቶፑሊ ጓድ ጋር ብዙ ዘመን ሠርቷል። አጭርና ወፈር ያለ፣ መልከ ቀና የማይባል፣ ጮኾም የማያስቅ ሰው ነበር፤ የሚያስቀው ራሱን እንደ ቁም ነገረኛ ሰው አድርጎ በመያዙ፣ ትንሿን ስሕተቱን በትልቅ ውሸት ለመሸፈን ሲጥር ላብ ሲያጠምቀው በማየታችን ነው። ፊልሞቹ ከዐሥራ ሁለት ገደማ አይበልጡም፤ አብዛኞቹም አስቀድሞ በመድረክ የተጫወታቸው ናቸው። ከእነዚህ መካከል በ1948 አሌኮስ ሳኬላሪዮስ ያዘጋጀው «ጀርመኖች ዳግመኛ መጡ» የተባለው ከሁሉ በላይ ይከነክነኛል፤ ግሪኮች በወንድማማች ጦርነት እርስ በርሳቸው በሚገዳደሉበት ዓመት አንድ ተራ የቤተሰብ አባት ወራሪዎቹ ተመልሰው የመጡ መስሎት በሕልሙ ሲጨነቅ ያሳያል። ሰው በሚገደልበት ከተማ ውስጥ ሕዝቡ ተሰብስቦ በራሱ እብደት እንዲስቅ ማድረግ ድፍረትም ርኅራኄም ይጠይቃል፤ ሎጎቴቲዲስ ሁለቱንም ነበረው። በፌብሩዋሪ 1960 ሞተ።

ዕውር መስሎ የሚለምነውን ሰው የተጫወተው ሚሚስ ፎቶፑሎስ ይባላል፤ በአርካድያ ተራሮች ውስጥ በምትገኝ ዛቱና በምትባል መንደር በ1913 ተወለደ። በጎርናና ድምፁ፣ እየጎተተ በሚናገረው አነጋገሩ አገር ሁሉ የሚያውቀው ይህ ሰው፣ በዲሴምበር 1944 በአቴና ከተማ በእንግሊዝ ወታደሮችና በግሪክ አርበኞች መካከል ውጊያ በተነሣ ጊዜ ተይዞ፣ በግብፅ ምድረ በዳ ኤል ዳባ ወደሚባለው የእስረኞች ሰፈር ከተጋዙት አንዱ ነበር። ስለዚያ ግዞትም መጽሐፍ ጽፏል። ቅኔም ይጽፍ ነበር፤ በሽምግልናውም አሮጌ የፖስታ ቴምብሮችን እየቈረጠና እየለጠፈ ሥዕል ይሠራ ነበር። ሕዝቡ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ፣ እስከ 1986 ድረስ፣ ከእርሱ የሚፈልገው ሣቅን ብቻ ነበር። እንደ እኔ አስተያየት አገሩ ለዚህ ሰው ዕዳዋን ገና አልከፈለችም፤ አስቂኝ ሰው ሆኖ የተወደደ ሰው ሌላ ነገር ሆኖ ለመታየት የሚፈቀድለት እጅግ በጥቂቱ ነውና።

ንፉጉን አከራይ ስለ ተጫወተው ስለ ኦሬስቲስ ማክሪስ ብዙ አልናገርም፤ ሥራውን የጀመረው በዘፋኝነት እንደ ነበረና፣ በ1950 ይኸው ጻቬላስ «ሰካራሙ» በተባለው ፊልም ልጁን በመጠጥ የሚያሳፍር ጫማ ሰፊ አድርጎ እንዳቀረበው፣ ያም ፊልም በዘመኑ ታይቶ የማያውቅ ብዙ ሕዝብ እንደ ሳበ ማስታወስ ይበቃል። «ሰካራሙ» ውስጥ የሀብታሙን ልጅ የተጫወተው ወጣት፣ በሐሰተኛው ሊሬ ውስጥ ድኻውን ሠዓሊ የሆነው ዲሚትሪስ ሆርን ነው፤ የተውኔት ደራሲው የፓንዴሊስ ሆርን ልጅ ነበረና ከሕፃንነቱ ጀምሮ በቴአትር ሰዎች መካከል አደገ። መልከ መልካም፣ ንግግሩ የጠራ፣ ጨዋታው እንደ ልብ የሚፈስስ ነበር። ፊልም ግን በጥቂቱ ብቻ ሠራ፤ ከመድረክም ገና ጉልበት ሳለው ራሱን አገለለ። በጃንዋሪ 1998 ሲሞት ያዘኑለት ሰዎች አብዛኞቹ በመድረክ አይተውት የማያውቁ ነበሩ። ዛሬ በስሙ ለወጣት ወንድ ተዋንያን የሚሰጥ ሽልማት አለ።

የሠዓሊው ሚስት ሆና የምትታየው ኤሊ ላምቤቲ ናት፤ ስለ እርስዋ ግን በአጭሩ ለማለፍ ልቤ አይፈቅድልኝም። በ1926 በአቲካ ውስጥ ቪልያ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደች፤ በልጅነቷ ወደ አቴና መጥታ ከኮቶፑሊ የተውኔት ትምህርት ቤት ገባች፤ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላትም ዋና ዋና ሚናዎችን መጫወት ጀመረች። ከሆርን ጋር በሕይወትም በመድረክም አንድ ሆነው የኖሩባቸው ዓመታት በግሪክ ቴአትር ታሪክ እስከ ዛሬ በናፍቆት ይነሣሉ። ሚካኤል ካኮያኒስ የተባለው የቆጵሮስ ተወላጅ አዘጋጅ የመጀመሪያዎቹን ፊልሞቹን ሲሠራ እርስዋን መረጠ፤ በ1954 በሎተሪ ቲኬት ዙሪያ የሚሽከረከር ደስ የሚል ጨዋታ፣ በ1956 «ጥቁር የለበሰችው ልጃገረድ»፣ ከዚያም በኋላ መክሰራቸውን ለመደበቅ በሐሰት ላይ ሐሰት ስለሚጨምሩ ጌቶች የሚናገረውን ፊልም አብረው ሠሩ።

«ጥቁር የለበሰችው ልጃገረድ» የተሠራው በሂድራ ደሴት ነው። ታሪኩ በእናትዋ ነውር ምክንያት ደሴቱ ሁሉ የሚያላግጥባት፣ አንገትዋን ደፍታ የምትኖር ልጅ ታሪክ ሲሆን፣ ላምቤቲ በዚህ ፊልም ውስጥ የምትናገረው እጅግ ጥቂት ነው። ከአቴና የመጣው ወጣት፣ ማለትም ሆርን፣ ሲያነጋግራት ወዲያው አትመልስም፤ መልሱ በመጀመሪያ በዐይንዋ ይመጣል፣ ቀጥሎ በአፏ ጥግ ይታያል፣ ቃሉ ራሱ ሲወጣ ተመልካቹ አስቀድሞ ሰምቶታል። ድምፅዋ በሰሙት ሁሉ ዘንድ የተመሰገነ፣ የተሰበረ የሚመስል ነገር ግን የማይሰበር ድምፅ ነበር፤ እርስዋ ግን ታላቅነትዋን የምታሳየው ያንን ድምፅ በመንፈግዋ ነው። በኋላ የደረሰባትን ለሚያውቅ ሰው ይህን ፊልም ማየት ከባድ ነው። በጡት ነቀርሳ ታመመች፤ ሕመሙ ብዙ ዓመት ታገላት፤ በመጨረሻም ያንን ድምፅዋን ጎዳው። በዚህ ጊዜ ሌላ ሰው ቢሆን ከመድረክ ይወርድ ነበር፤ ላምቤቲ ግን በ1981 በአሜሪካዊው ደራሲ በማርክ ሜዶፍ ተውኔት ውስጥ በእጅ ምልክት ብቻ የምትነጋገረውን የደንቆሮዋን ልጃገረድ የሣራን ሚና ወስዳ፣ ያለ ድምፅ በአቴና ሕዝብ ፊት ቆመች። የመጨረሻ ሥራዋ ይህ ነበር። በሴፕቴምበር 1983 በኒው ዮርክ ሆስፒታል ዐረፈች። በመድረክ የሠራችው ከፊልሞችዋ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ሳለ፣ ለእኛ የቀሩልን ፊልሞችዋ በጣት የሚቈጠሩ ናቸው፤ እኔም እነዚያን ጥቂቶች ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ከቁጭት ጋር የተቀላቀለ ነው።

አሁን ከአቴና ቴአትር ቤቶች ወጥተን ወደ አንዲት ጠፍ ደሴት እንሻገር። ማክሮኒሶስ ከአቲካ ጠረፍ ፊት ለፊት የምትገኝ፣ ውሃና ዛፍ የሌላት፣ ነፋስ የሚገርፋት ደሴት ናት። በወንድማማች ጦርነቱ ዘመን መንግሥት በግራ ክንፍ አሳብ የጠረጠራቸውን ወታደሮችና ሲቪሎች በዚያ አግዞ፣ አሳባቸውን የካዱበትን ወረቀት እንዲፈርሙ በድብደባና በጥማት ያስገድድ ነበር። ካጋዛቸው ሰዎች መካከል ሁለት ተዋንያን ነበሩ፤ አንዱ የታወቀ፣ ሌላው ገና ተዋናይ መሆኑን ራሱም ያላወቀ።

ያላወቀው ታናሲስ ቬንጎስ ነው። በ1927 በፒሬየስ አጠገብ ተወለደ፤ አባቱ በኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጫው ይሠራ የነበረ፣ በጠላት ዘመን ከአርበኞቹ ጋር የተሰለፈ፣ በኋላም በፖለቲካ አቋሙ ከሥራው የተባረረ ሰው ነበር። ልጁ ወታደራዊ ግዳጁን እንዲፈጽም የተላከው ወደ ማክሮኒሶስ ሆነ፤ በዚያም ኒኮስ ኩንዱሮስ ከሚባል ግዞተኛ ጋር ተዋወቀ፤ ኩንዱሮስም ከግዞት ወጥቶ በ1954 የመጀመሪያ ፊልሙን ሲሠራ ያንን የደሴት ጓደኛውን አስታወሰና ትንሽ ሚና ሰጠው። ቬንጎስ የተውኔት ትምህርት አልተማረም። በመጋረጃው ላይ ዘወትር ይሮጣል፤ ሥራ ፍለጋ ይሮጣል፣ ዕዳ ሊከፍል ይሮጣል፣ የሌላውን ሸክም ተሸክሞ ይሮጣል፤ ከጦርነት በኋላ ገጠሩን ጥሎ ወደ ከተማ የጎረፈው፣ በአንድ ቀን ሦስት ሥራ የሚሠራው የግሪክ ድኻ ራሱን ያየው በእርሱ ነው። በገዛ ገንዘቡ ፊልም አሠራለሁ ብሎ ኩባንያ አቁሞ ከሠረ፤ ከዚያም በ1971፣ ወታደሮች ግሪክን በሚገዙበት ዘመን፣ «በጦርነቱ ጊዜ ምን ሠራህ ታናሲ?» በተባለው በዲኖስ ካትሱሪዲስ ፊልም በጠላት ዘመን ሳይወድ በግዱ ከመከራው ውስጥ የገባ ተራ ሰው ሆኖ በተሰሎንቄ በዓል የተዋናይነት ሽልማት ተቀበለ። በ1995 ቴዎዶሮስ አንጌሎፑሎስ «የኦዲሴዎስ እይታ» በተባለው ፊልሙ የታክሲ ነጂ አድርጎ አቀረበው፤ ዕድሜውን ሁሉ ሲሮጥ የኖረው ሰው በበረዶ በተሸፈነ ተራራ መንገድ ላይ መኪናውን አቁሞ ስለ አገሩ መሞት ሲናገር ያየ ሰው፣ አስቂኝነቱ ምን ያህል ኀዘን ተሸክሞ እንደ ነበር ይገባዋል። በሜይ 2011 ሞተ።

የታወቀው ግዞተኛ ማኖስ ካትራኪስ ነበር። በ1908 በቀርጤስ ደሴት ኪሳሞስ ውስጥ የተወለደ፣ ቁመተ መለሎ፣ ድምፁ እንደ ደወል የሚያስተጋባ ሰው ነበር። ከጦርነቱ በፊት በብሔራዊ ቴአትር ይጫወት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ ወረቀቱን ፈርሞ ወደ መድረኩ መመለስ ይችል ነበር፤ አንድ ፊርማ ብቻ ነው የተጠየቀው። አልፈረመም። ከኢካርያ ወደ ማክሮኒሶስ፣ ከማክሮኒሶስ ወደ አይ ስትራቲስ እየተዛወረ ዓመታት አሳለፈ፤ ባለቅኔው ያኒስ ሪትሶስም በእነዚያ ደሴቶች ከታሰሩት አንዱ ነበር። ተዋናይ የሥራው መሣሪያ ገላው ነው፤ ጉልበቱ በሞላበት፣ ድምፁ በበሰለበት ዕድሜ ድንጋይ ሲሸከም የዋለ ተዋናይ ከእርሱ የተወሰደበት ዓመት ተመልሶ አይከፈለውም። ተፈቶ ከተመለሰ በኋላ በ1955 የግሪክ ሕዝባዊ ቴአትር የተባለውን የራሱን ጓድ አቋቋመና በአቴና አደባባይ ለብዙኃኑ ሕዝብ ታላላቅ ተውኔቶችን አቀረበ።

በ1961 ያው ጻቬላስ የሶፎክሊስን «አንቲጎኔ» ወደ ፊልም ሲያወጣ፣ የሕግ ጨካኝ አስፈጻሚ የሆነውን ንጉሡን ክሬዎንን እንዲጫወት የመረጠው ካትራኪስን ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ለመንግሥት ትእዛዝ ኅሊናውን አልሸጥም ብሎ የታሰረው ሰው፣ አንዲት ልጃገረድ የወንድምዋን ሬሳ ስለ ቀበረች በቁምዋ ወደ መቃብር የሚሰድዳትን ገዥ ሆኖ ቆመ። ክሬዎንን ክፉ ሰው ብቻ አድርጎ ለመበቀል ይችል ነበር። አላደረገውም፤ ሥርዓትን ያድን የመሰለው፣ በመጨረሻም ልጁንና ሚስቱን አጥቶ የሚፈርስ፣ የሚታዘንለት ንጉሥ አደረገው። በደል የደረሰበት ሰው የበዳዩን ነፍስ ከውስጥ ሊያይ መቻሉ በእኔ ዘንድ ከሁሉም ሥራዎቹ በላይ ያስከብረዋል።

በ1984 አንጌሎፑሎስ «ወደ ኪቲራ ጉዞ» በተባለው ፊልም የሰጠው ሚና የራሱን ትውልድ የሚዘጋ ሆነ፤ በወንድማማች ጦርነቱ ተሸንፎ ወደ ሶቪየት ኅብረት የተሰደደና ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ የሚመለስ ሽማግሌ ነው፤ ሚስቱ ትቀበለዋለች፣ መንደሩ ግን አይቀበለውም፣ መንግሥትም ዜግነት የለህም ይለዋል፤ በፍጻሜው ከማናቸውም አገር ውሃ ውጭ በባሕር ላይ በተንሳፋፊ እንጨት ላይ ባለ ሥልጣኖች ሲተዉት፣ ሚስቱ ልትከተለው ትመርጣለች። ፊልሙ በሜይ በካን በዓል ታየ፤ ካትራኪስ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ሞተ።

በ«አንቲጎኔ» ውስጥ አንቲጎኔን ሆና በካትራኪስ ፊት ለፊት የቆመችው ተዋናይት ኢሪኒ ፓፓስ ናት፤ ወደ እርስዋ ከመድረሴ በፊት ግን የግሪክን ስም በውጭ አገር ስላስጠሩ ሌሎች ሁለት ሴቶች ልናገር። የፒሬየስዋ ልጅ ካቲና ፓክሲኑ ጦርነቱ ከአገርዋ አርቋት በአሜሪካ ሳለች «ደወሉ ለማን ነው የሚደወለው» በተባለው ፊልም ፒላር የተባለችውን የአርበኞች እናት ተጫውታ በማርች 1944 የኦስካር ሽልማት ተቀበለች፤ አቴና ገና በጀርመን እጅ ነበረችና ሽልማቱን የተቀበለችው በሕይወት ባሉትም በሞቱትም የንጉሣዊው ቴአትር ባልደረቦችዋ ስም ነበር። ሜሊና መርኩሪ በበኩልዋ የአቴና ከንቲባ የልጅ ልጅ ስትሆን፣ በ1955 በካኮያኒስ «ስቴላ»፣ በ1960ም በኋላ ባልዋ የሆነው ጁልስ ዳሲን በሠራው «እሑድን ሳይጨምር» በተባለው ፊልም ታወቀች፤ በዚሁ ሁለተኛ ፊልም በካን የተዋናይት ሽልማት አገኘች፤ የማኖስ ሃጂዳኪስ ዜማም ኦስካር ተቀበለ። በኤፕሪል 21 ቀን 1967 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ እርስዋ በኒው ዮርክ ትጫወት ነበር። ዝም ብትል ኑሮዋ አይጎድልባትም ነበር፤ እርስዋ ግን በየአደባባዩ አገዛዙን አወገዘች፣ እነርሱም ዜግነትዋንና ንብረትዋን ነጠቁ። በ1974 አገዛዙ ወድቆ ተመለሰች፤ የሕዝብ እንደራሴ፣ ከ1981 ጀምሮም የባህል ሚኒስትር ሆነች። ከፓርቴኖን ቤተ ጣዖት ተነቅለው በለንደን ቤተ መዘክር የሚገኙት የእብነ በረድ ቅርጾች እንዲመለሱ በ1982 በዩኔስኮ ጉባኤ ጥያቄ ያቀረበችው እርስዋ ናት፤ በዚያው ቤተ መዘክር ከመቅደላ የተወሰዱ ታቦታት መኖራቸውን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አድማጭ ይህ ክርክር ማብራሪያ አያሻውም። በማርች 1994 በኒው ዮርክ በነቀርሳ ሞታ አስከሬንዋ ወደ አቴና ሲመለስ ሕዝቡ መንገዱን ሞልቶ ተቀበላት።

በአገር ውስጥ ግን ከሁሉ በላይ የተወደደችው አሊኪ ቩዩክላኪ ነበረች፤ ሐያስያን እንደ ቀላል ነገር ቢቈጥርዋትም እኔ ከእነርሱ ጋር አልስማማም። አባትዋ በጠላት ዘመን የተገደለባት ይህች ልጅ፣ ኀዘን ለጠገበ ሕዝብ ደስታን እንደ ሥራ ይዛ ከአርባ ዓመት በላይ በትጋት አቀረበችለት፤ እርስዋም ብትሆን የራስዋን የቴአትር ጓድ እያስተዳደረች በ1996 በሕመም እስክትሞት ድረስ ከመድረክ አልወረደችም። ያንን ያህል ዘመን በአንድ ሕዝብ ልብ ውስጥ መኖር በአጋጣሚ አይገኝም።

ኢሪኒ ፓፓስ በቆሮንቶስ አካባቢ ኪሊዮሞዲ በምትባል መንደር ተወለደች። ጥቁር ቅንድብዋና ቀጥ ያለ አፍንጫዋ ከጥንት የሸክላ ማሰሮ ሥዕል የወጣች ያስመስላታል እየተባለ ብዙ ተጽፏል፤ እኔ ግን መልክዋን ሳይሆን ጸጥታዋን ነው የማደንቀው። በካኮያኒስ «ዞርባ» ውስጥ መንደሩ የሚገድላት መበለት ሆና የምትናገረው ጥቂት ቃል ነው። በ1969 ኮስታ ጋቭራስ «ዜድ» በተባለው ፊልም የተገደለው እንደራሴ ሚስት ሆና የባልዋን ክፍል ስትመለከት ቃል አትናገርም፤ ያ ፊልም በእውነት የተገደለውን የግሪክ እንደራሴ የላምብራኪስን ግድያ የሚያስታውስ ስለ ነበር በግሪክ ተከለከለ። እርስዋም በወታደሮቹ ዘመን በኢጣልያና በሌሎች አገሮች በስደት ኖረች፤ የዓለም የጥበብ ሰዎችም ከአገዛዙ ጋር እንዳይተባበሩ ጥሪ አቀረበች። በመጨረሻው ዕድሜዋ የመርሳት ሕመም ያዛት። በሴፕቴምበር 14 ቀን 2022፣ የግሪክ ቤተ ክርስቲያን የመስቀልን በዓል በምታከብርበት ዕለት፣ በተወለደችበት በኪሊዮሞዲ ዐረፈች፤ በዚያውም ተቀበረች።

ከዚህ አዳራሽ ወጥቶ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን በሥራው ማወቅ የሚፈልግ ሰው ቢኖር፣ ከኢሪኒ ፓፓስ ይጀምር ዘንድ እመክራለሁ፤ ያውም ከሁለት ፊልሞች። ሁለቱንም ያዘጋጀው ካኮያኒስ፣ የዜማቸውም ደራሲ ሚኪስ ቴዎዶራኪስ ነው። በ1962 በተሠራው «ኤሌክትራ» ውስጥ ፓፓስ ስለ አባትዋ ደም የእናትዋን የክሊተምኔስትራን ሞት የምትሻ፣ ጠጕርዋን የቈረጠች ልጅ ናት፤ በ1977 በተሠራው «ኢፊጌኒያ» ውስጥ ደግሞ ያችው ክሊተምኔስትራ ራስዋ ሆና፣ ልጅዋ ለጦርነት መሥዋዕት ልትታረድባት ስትል ታለቅሳለች። በመጀመሪያው የፈረደችባትን ሴት በሁለተኛው ትከራከርላታለች፤ ሁለቱ ፊልሞች በተከታታይ ሲታዩ በመካከላቸው ያሉት ዐሥራ አምስት ዓመታት፣ ከእነርሱም ውስጥ ሰባቱ የወታደሮች አገዛዝ ዓመታት፣ ይህችን ሴት ምን እንዳስተማሯት ከፊትዋ ላይ ማንበብ ይቻላል።